ማጣሪያ እያለን የጋራ ማዕከል ለምን ያስፈልገናል? ስለ ፋብሪካ አደገኛ ቆሻሻ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሞጆ አካባቢ በሚገኝ ቆዳ ፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። የፍሳሽ ማጣሪያ አለን። ከማጣሪያው የሚወጣው ክሮም ያለበት ዝቃጭ ግን ግቢያችንን ሞልቶታል። ያገለገለ ዘይት፣ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካልና ባዶ በርሜልም አለ። ለአካባቢው ፋብሪካዎች ሁሉ የሚሆን አንድ የአደገኛ ቆሻሻ ማከሚያና መልሶ መጠቀሚያ ማዕከል ይሠራ ሲባል ሥራ አስኪያጃችን ‹ማጣሪያ እያለን ለምን ሁለት ጊዜ እንከፍላለን?› ይላሉ። ነዋሪው ደግሞ ‹የሀገሩን መርዝ ሁሉ እኛ ደጃፍ ሊከምሩት ነው› ይላል። እውነት ጥቅም አለው? ካለውስ ለማን?»

ምላሽ፦

ከሥራ አስኪያጅዎ ልጀምር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለማጣሪያ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው እንደገና ክፈል ሲባል ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን የፍሳሽ ማጣሪያ ክሮምን አያጠፋም። ቆዳ የምታለፉበት ክሮም ብረት ነው። አይበሰብስም፣ አይተንም፣ ባክቴሪያም አይበላውም። ማጣሪያው ከውኃው ይለየውና ወደ ዝቃጩ ያዛውረዋል። ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ውኃው ጠርቶ ወደ ሞጆ ወንዝ ሲሄድ ክሮሙ እናንተ ጋ ይቀራል። ስለዚህ እስካሁን የከፈላችሁት ለሥራው አጋማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ገና አልተነካም።

ጥቅም አለው ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ በጣም አለው። ለፋብሪካው አለው፣ ለነዋሪው አለው፣ ለተቆጣጣሪውም አለው። ግን እንዲሁ በመሠራቱ ብቻ የሚገኝ ጥቅም አይደለም። በደንብ ያልታሰበበት ማዕከል ሰው ገድሏል። ሁለቱንም በግልጽ እነግርዎታለሁ።

ሕግ አልጠፋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። አደገኛ ቆሻሻን ለይቶ የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም ወጥቷል። የአደገኛ ቆሻሻን ከአገር አገር መዘዋወር የሚቆጣጠሩትን የባዝልና የባማኮ ስምምነቶች ኢትዮጵያ ተቀብላለች። የቸገረው መሄጃ ነው። ተቆጣጣሪው መጥቶ «ይህን ዝቃጭ አንሱ» ይላል። ፋብሪካው «የት ልውሰደው?» ሲል ተቆጣጣሪው ራሱ የሚጠቁመው ቦታ ያጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ፋብሪካውን መዝጋት ወይም አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው። ስንት ቤተሰብ የሚያድርበት ፋብሪካ በቀላሉ አይዘጋም። ስለዚህ ይታለፋል። በሚቀጥለው ዓመትም ያው ነው፤ ክምሩ ብቻ ይጨምራል።

የጋራ ማዕከል የመጀመሪያው ጥቅም ይህን ሰበብ ማሳጣቱ ነው። መሄጃ ካለ «ለምን አልወሰድክም?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የሚዛን ደረሰኝ አምጣ ማለት ይቻላል። ከዚህ ፋብሪካ በወር ስንት ቶን ወጣ፣ ማዕከሉ ጋ ስንት ቶን ደረሰ ብሎ ማመሳከር ይቻላል። በመካከል የጠፋ ጭነት ካለ የጠፋበት ይታወቃል። እኔ ከማሽኑ ሁሉ በላይ የማስበልጠው ይህን መዝገብ ነው።

መሄጃ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል አንድ ጊዜ በደንብ አይተነዋል። ለሰብል ተባይ፣ ለአንበጣና ለወባ ተብሎ ለብዙ ዓመታት ወደ አገራችን የገባ ፀረ ተባይ ሳይረጭ ጊዜው አለፈበት። በየመጋዘኑ በርሜሉ ዛገ። መርዙም ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ በፋኦ አስተባባሪነት፣ ወደ 1,500 ቶን የሚሆነው ተለቀመ። በአዲስ ዕቃ ታሸገ፣ በመርከብ ተጫነ፣ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ተቃጠለ። ፋኦ እንዲህ ያለውን ሥራ ሲገምት በኪሎ ከ3 እስከ 5 ዶላር ይላል። በዝቅተኛው ቢሰላ እንኳ ለ1,500 ቶን 4.5 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። ያ ሁሉ የሆነው ለጋሽ ስለተገኘ ነው። ለፋብሪካ ዝቃጭ ለጋሽ አይመጣም።

መርዛችን የተቃጠለበት ማዕከል የሚገኘው ሪሂማኪ በምትባል ከተማ ነው። ታሪኩ ለጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ ስላለው ትንሽ ልንገርዎት። ፊንላንድ የሕዝቧ ብዛት 5.6 ሚሊዮን ገደማ የሆነ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 መንግሥት፣ ማዘጋጃ ቤቶችና ኢንዱስትሪዎች ተጋርተው ኤኮኬም የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። ማዕከሉ በ1984 ሥራ ጀመረ። ከቃጠሎው የሚገኘው ሙቀት በቧንቧ እየሄደ የከተማዋን ቤቶች ያሞቃል። ዴንማርክ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብላ ኒቦርግ ከተማ ላይ ተመሳሳይ ማዕከል ሠርታለች። ያቋቋሙት ማዘጋጃ ቤቶች ናቸው። ሁለቱም ሀብታም አገሮች ናቸው። ሆኖም እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ምድጃ ይትከል አላሉም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ክሎሪን የበዛበትን ኬሚካል በአግባቡ ለማቃጠል የአውሮፓ ሕግ ቢያንስ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይጠይቃል። ጋዙም በዚያ ሙቀት ቢያንስ 2 ሰከንድ መቆየት አለበት። ጭሱ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ዳዮክሲን የሚባለው መርዝ እንደገና ይፈጠራል። ስለዚህ በቅጽበት እንዲበርድ ይደረጋል። ከዚያ አሲዱ ይታጠባል፣ አቧራው ይጣራል፣ ሜርኩሪው በከሰል ይያዛል። ምድጃው ቀንና ሌሊት ባይቋረጥ ይመረጣል፤ ሲለኮስና ሲጠፋ ቃጠሎው የተሟላ አይሆንምና። ለአንድ እንጀራ ብሎ ምጣድ የሚጥድ የለም። አንድ ፋብሪካም በወር ለሚያወጣው ጥቂት በርሜል ይህን ሁሉ ሊያቆም አይችልም። በየግቢው የሚሠሩት ትንንሽ ማቃጠያዎች ቆሻሻውን ከዓይን ያርቁታል እንጂ መርዙን በጭስ ለጎረቤት ይሰጡታል።

ላብራቶሪውም ያው ነው። አንድ በርሜል ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ከሌላው ጋር መቀላቀል የለበትም። ይህን የሚለይ መሣሪያና ያንን መሣሪያ በትክክል የሚያሠራ ኬሚስት ውድ ነው። አንድ ላብራቶሪ ለ40 ፋብሪካ ሲሠራ ግን ሰውየውም ሥራ አይፈታም፣ መሣሪያውም አቧራ አይለብስም።

አሁን ወደ እናንተው ጉዳይ፣ ወደ ክሮሙ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሥራ አስኪያጅዎን ሊያሳምን የሚችለው ክፍል ይህ ነውና።

በተለመደው የክሮም ማልፋት ሥራ ቆዳው ከተሰጠው ክሮም የሚይዘው ከ60 እስከ 80 በመቶውን ነው። የቀረው ቆዳው ከሚለፋበት ትልቅ ተሽከርካሪ በርሜል፣ ከድራሙ፣ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። በሌላ አነጋገር ለክሮም 100 ብር ከከፈላችሁ ከ20 እስከ 40 ብሩ በቦይ ይሄዳል። የሚገዛውም በውጭ ምንዛሬ ነው። ይህ ገንዘብ ማጣሪያው ጋ ሲደርስ ከሌላው ፍሳሽ ጋር ይቀላቀልና ዝቃጭ ይሆናል። ያኔ ሀብት መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ይሆናል።

ጣልያን ውስጥ፣ ቶስካና ላይ፣ ሳንታ ክሮቸ ሱላርኖ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዙሪያዋን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። ብዙዎቹ ትንንሽና የቤተሰብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባለፋብሪካዎቹ ተሰባስበው ክሮም መልሶ የሚያወጣ የጋራ ድርጅት አቋቋሙ። ያገለገለው የክሮም ፍሳሽ ከየፋብሪካው ተለይቶ ይሰበሰባል። ማዕከሉ ክሮሙን ያወጣና እንደገና ቆዳ ለማልፋት እንዲሆን አድርጎ ይመልስላቸዋል። ባለፋብሪካዎቹ ገበያ ላይ ይሻማሉ፣ ዋጋ ይሰባበራሉ። በክሮሙ ጉዳይ ግን አንድ ላይ መሥራት እንደሚያዋጣቸው አወቁ።

አሠራሩ ያን ያህል አይረቅቅም። ፍሳሹ መጀመሪያ በወንፊት ያልፋል፤ ፀጉር፣ ጮማና የቆዳ ቅንጣት ይወጣለታል። ከዚያ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ወይም ሶዳ ይጨመርበታል። የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤቹ፣ 8 አልፎ 8.5 አካባቢ ሲደርስ ክሮሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ወደ ታች ይረጋል። ላይ ያለው ውኃ ይወጣል። የረጋው በፊልተር ፕሬስ ይጨመቅና በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል። ይኸው ነው፤ የማልፊያ ክሮም ተገኘ።

«ታዲያ እኛው ግቢ ብንሠራውስ?» ትሉ ይሆናል። ይቻላል። በቀን ብዙ ቆዳ የምታለፉ ከሆነ ይህን ብቻ በራሳችሁ ብትሠሩት አልቃወምም። አስቸጋሪው ነገር ጥራቱን ማስጠበቅ ነው። ጮማና ፕሮቲን የቀረበት ክሮም የቆዳውን ቀለም ያዥጎረጉራል። የማልፊያ ክፍሉ ቴክኒሻን አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ካየ የተመለሰውን ክሮም ሁለተኛ አይነካውም። ታንከሩ ሞልቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ ማታ ተደፍቶ ይገኛል። በማዕከል ግን ሥራውን ብቻ የያዘ ሰው አለ። የብዙ ፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚቀላቀል መጠኑ ወጥ ይሆናል። እያንዳንዱ ዙር ከመላኩ በፊት ይለካል። ጥራቱ ካልተስተካከለ ማንን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ማዕከሉ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ከእናንተ ነው፤ ቦዩን መለየት። ፀጉር የሚነቀልበት የኖራና የሰልፋይድ ፍሳሽ ለብቻው፣ የክሮም ፍሳሽ ለብቻው መሄድ አለበት። ይህን ማዕከል ቢሠራም ባይሠራም አድርጉት። የክሮም ፍሳሽ አሲድነት አለው። ከሰልፋይድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሰው ይገድላል። መጀመሪያ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበረታ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ጉድጓድ ሊጠርግ የገባ ሠራተኛ «ሽታው ሄደ» ብሎ ሲረጋጋ ይወድቃል። ሊያወጣው የገባው ጓደኛውም ይከተለዋል። እባክዎን ይህን ለሠራተኞቻችሁ ደጋግመው ይንገሩ።

ክሮሙ አስቀድሞ ከተለየ የቀረው ዝቃጭ ባሕርይው ይለወጣል። ለማከም ይቀላል፤ ማስወገጃ ዋጋውም ይቀንሳል። አሁን ግቢያችሁ ያለው ግን የተቀላቀለው ነው። እሱን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አታቃጥሉት። ለጡብ ምድጃ፣ ለኖራ ምድጃ ወይም ለማገዶ ፈላጊ አትስጡት። የክሮም ቆዳ ቁርጥራጩንም ቢሆን። ለማልፋት የምንጠቀምበት ክሮም፣ ክሮም ሦስት በሚባለው መልኩ እያለ፣ ያን ያህል አደገኛ አይደለም። ኖራ ባለበትና አየር በሚያገኝበት ሁኔታ ሲቃጠል ግን ወደ ክሮም ስድስት ሊለወጥ ይችላል። ክሮም ስድስት ካንሰር ያመጣል። በውኃም በቀላሉ ይሟሟል። «በነፃ የሚወስድልን ተገኘ» ብላችሁ የምትሰጡት ዝቃጭ በዚህ መንገድ ከነበረበት የባሰ ነገር ሆኖ የሰው ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የማዕከል ጥቅም ይበልጥ የሚታየው ለትንንሾቹ ነው። ለዚህ ሆንግ ኮንግን ልጥቀስ። እዚያ የብረት ቀለም ነካሪው፣ ማተሚያ ቤቱ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሠሪው አንድ ረጅም ፎቅ ላይ በየክፍሉ ተደራርቦ ይሠራ ነበር። ማጣሪያ የሚያቆምበት ወለል አልነበረውም። አሲዱና ሌላው ኬሚካል በቧንቧ ወደ ባሕር ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ቺንግ ዪ ደሴት ላይ በዓመት 100,000 ቶን እንዲያክም የታቀደ የኬሚካል ቆሻሻ ማዕከል ተከፈተ። አብሮም ደንብ ወጣ። ቆሻሻ አመንጪ ሁሉ ይመዝገብ፣ በርሜሉ ላይ ምልክት ይለጠፍ፣ እያንዳንዱ ጭነት የጉዞ ወረቀት ይኑረው ተባለ። አመንጪው አንድ ቅጂ ይይዛል፣ ጫኙ አንድ፣ ማዕከሉ አንድ። ክፍያ የተጀመረው በ1995 ነው። መጀመሪያ ላይ ከወጪው ጥቂቱን ብቻ የሚሸፍን ነበር፤ ሰው እንዲለምድ።

ከሆንግ ኮንግ ሌላም የምንማረው አለ። ፋብሪካዎቹ ብዙም ሳይቆይ ወደ ዋናው ቻይና ሄዱ። የሚገባው ቆሻሻም ማዕከሉ ከታቀደለት መጠን በታች ሆነ። ትልቅ ገንብቶ ቆሻሻ መጠበቅ ያከስራል። ትንሽ ጀምሮ እየቀጠሉ መሄድ ይሻላል።

ስለ ዘይቱና ስለ በርሜሉ አጠር አድርጌ ልለፍ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተጣርቶ እንደገና ዘይት ይሆናል፤ ለዚህ ግን ንጹሕ ሆኖ መሰብሰብ አለበት። እኛ ጋ ለግንባታ ፎርማ ይቀባል፣ ለምስጥ ተብሎ እንጨት ላይ ይቀባል፣ አንዳንዱም እንደ ማገዶ ይቃጠላል። የድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ከሱ ጋር እንዳይቀላቀል ተጠንቀቁ። ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ትንሹ ብዙውን ያበላሻል። ባዶ የኬሚካል በርሜል ደግሞ ለቆራሌ አይሰጥም። ከተሰጠ ታጥቦ የውኃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ልጆች ይጠጡበታል። ማዕከል ካለ በርሜሉ ይታጠባል፣ ማጠቢያ ውኃው ይታከማል፣ የማይድነው ተጨፍልቆ ለብረት ማቅለጫ ይሄዳል። እስከዚያው ድረስ ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት በርሜሉን በስታችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ነዋሪው ልምጣ። ሥጋታቸውን «አለማወቅ» ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ ካለ ተሳስቷል። በመጋቢት 2009 ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ያንን ያየ ሰው «ቆሻሻ እኛ ጋ ሊመጣ ነው» ሲባል ቢደነግጥ ልክ ነው።

የቆዳ ፋብሪካን በቀጥታ የሚመለከት አደጋም አለ። ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ግዛት፣ ራኒፔት ከተማ ላይ የቆዳ ፋብሪካዎች የጋራ ፍሳሽ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ፍሳሹን ያክማል። ዝቃጩ ግን መሄጃ አጥቶ በማጠራቀሚያ ተከማቸ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2015 ሌሊት የማጠራቀሚያው ግድግዳ ፈረሰ። አጠገቡ ባለ ፋብሪካ የተኙ ሠራተኞች ዝቃጩ አጥለቀለቃቸው። 10 ሰዎች ሞቱ። ልብ ይበሉ፣ ይህ የሆነው የጋራ ማጣሪያ ስላልነበረ አይደለም። ማጣሪያ ተሠራ፣ ለዝቃጩ ግን በር አልተሠራለትም። የሞጆን የቆዳ ከተማ እቅድ ጨምሮ የጋራ ማጣሪያ በታሰበበት ሁሉ እኔ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፤ ዝቃጩ በስንት ቀን ወዴት ይወጣል?

«መልሶ መጠቀም» የሚለው ቃልም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ቅድም ባመሰገንኩት በሳንታ ክሮቸ አካባቢ እንኳ ከቆዳ ፋብሪካዎች ዝቃጭ ቃጠሎ የቀረ አመድ ከግንባታ ቁሳቁስ ጋር ተቀላቅሎ መንገድ ሥር ተቀብሯል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 የፍሎረንስ ዓቃቤ ሕግ ያካሄደው ምርመራ ይፋ ሆኗል። አርባ ዓመት ክሮም በጋራ ሲያወጡ የኖሩ ሰዎች ባሉበት አካባቢ ማለት ነው። ስለዚህ ከማዕከሉ የሚወጣ ማንኛውም «ምርት»፣ ጡብም ይሁን ማዳበሪያ፣ ከማዕከሉ ውጪ ባለ ላብራቶሪ መመርመር አለበት። ካልተመረመረ ቆሻሻ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ አሁንም ማዕከሉን እደግፋለሁ። ለነዋሪው የምለው ይህን ነው። መርዙ አሁንም ያለው እዚሁ ነው። በየፋብሪካው ጓሮ፣ ባዶ አፈር ላይ፣ ጣሪያ በሌለው ቦታ ተከምሯል። ክረምት ሲመጣ ታጥቦ ወደ ሞጆ ወንዝ ይገባል። ከዚያ ወደ ቆቃ ይወርዳል። አርሶ አደሩ በዚያ ውኃ አትክልት ያጠጣል። ከብቱም ይጠጣል። ማንም አይለካውም። አንድ ቦታ፣ ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ያለው፣ ጣሪያ ያለው፣ ዙሪያውን መከታተያ ጉድጓድ የተቆፈረለት ከሆነ ግን ሊለካ ይችላል። ሲያፈስም ይታወቃል።

ነዋሪው ግን በባዶ እጁ «እሺ» ማለት የለበትም። ቦታው ከወንዙና ከጎርፍ መውረጃ የራቀ ይሁን። ሥራው ሳይጀመር በፊት የጉድጓድና የወንዝ ውኃ ተለክቶ ይመዝገብ፤ ያለዚያ ኋላ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ይባላል። ልኬቱ በየጊዜው በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎች ያለ ቀጠሮ ገብተው የሚያዩበት መብት በጽሑፍ ይኑር። ስለ መኪናዎቹም ይጠየቅ። የአዲስ አበባና የአዳማ መንገድ የተጨናነቀ ነው፤ አሲድ የጫነ ቦቴ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝብ አስተያየት ይሰማ የሚለው ለዚህ ነው።

እኔ ብጠየቅ እዚህ ምን ይሠራ እላለሁ? ትልቅ ምድጃ በመትከል አልጀምርም። ሚዛን፣ ላብራቶሪና ጣሪያ ያለው ማቆያ ይቅደም። ቀጥሎ የክሮም ማውጫው ይሠራ፤ ገንዘቡን የሚመልሰው እሱ ነውና። ከዚያ የዘይት መሰብሰቢያና የበርሜል ማጠቢያ ይጨመር። የማይድነው ዝቃጭ በሲሚንቶ ጠንክሮ ንጣፍ ባለው ጉድጓድ ይቀበር። ለሚቃጠለው ደግሞ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችንን እናስብ። የሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ ቁሱ እስከ 1,450 ዲግሪ ይሞቃል። ማዕከሉ ዘይቱንና ሶልቨንቱን (ቀለምና ቅባት የሚሟሟበትን ፈሳሽ) መርምሮ፣ ቀላቅሎ፣ ወጥ አድርጎ ቢያቀርብ እነሱ እንደ ነዳጅ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ሁሉንም ግን አይደለም። ሜርኩሪ ያለበት አይገባም፤ ከጭሱ ጋር ያመልጣል። ክሎሪን የበዛበትም ምድጃውን ይጎዳል። ለዚህ ነው መሃል ላይ የሚመረምር ማዕከል የግድ የሚለው።

በጋራ መሥራት ለእኛም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሁሉንም ፋብሪካዎች ፍሳሽ በአንድ ማጣሪያ አክሞ ውኃውን መልሶ ለመጠቀም ታቅዶ የተሠራ ነው። እዚያም ቢሆን ከማጣሪያው ጨውና ዝቃጭ ይወጣል። የሞጆ ክሮም፣ የሐዋሳ ዝቃጭና የአቃቂ ቀለም ፋብሪካ ቀሪ ሁሉም መሄጃ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪናው ሲበዛ ደግሞ ያለቀ የሊቲየም ባትሪ ይመጣል። እሱ በአግባቡ ካልተያዘ በራሱ እሳት ይነሳበታል።

ለሥራ አስኪያጅዎ ግን የዓለምን ታሪክ ይዘው አይግቡ። ቁጥር ይዘው ይግቡ። ከነገ ጀምረው ዝቃጩን ይመዝኑት። ምን ያህሉ ውኃ እንደሆነ በምድጃ አድርቀው ይወቁ፤ በደንብ በፊልተር ፕሬስ ያልተጨመቀ ዝቃጭ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ለማጓጓዝ የምትከፍሉትም ለውኃ ነው። ከግዢ ክፍል በዓመት የተገዛውን ክሮምና ዋጋውን ይጠይቁ። ከድራም የሚወጣውን ፍሳሽ መጠን ይለኩ፣ ናሙናም ወስደው ክሮሙን ያስለኩ። ከዚህ ከተገዛው ክሮም ስንት እጁ በፍሳሹ እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ ያንን በግዢው ዋጋ ሲያባዙ በዓመት በቦይ የሚሄደው ክሮም በብር ይወጣል። አጠገቡ ለማዕከሉ የሚከፈለውን ግምት ያስቀምጡ። «ሁለት ጊዜ ለምን እንከፍላለን?» ላሉት ሰው፣ አሁን ክሮሙን ስትገዙም ስትጥሉም እየከፈላችሁ መሆኑን ያ ወረቀት ያሳያል።

ይህንኑ ሥራ ጎረቤት ያሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ባልደረቦችዎም እንዲሠሩት ይጠይቋቸው። ማዕከል ሊገነባ የሚመጣ ባለሀብት ወይም መንግሥት መጀመሪያ የሚጠይቀው «በዓመት ስንት ቶን፣ ምን ዓይነት?» ብሎ ነው። ያንን የሚመልስ መዝገብ ካላችሁ የማዕከሉን መጠንና የክፍያውን ልክ እናንተ ትወስናላችሁ። ከሌላችሁ ሌላ ሰው ገምቶ ይወስንላችኋል። የሦስት ወር ልኬት ሲሰበስቡ ይጻፉልኝ፤ ሂሳቡን አብረን እንሠራዋለን።